ተመልሳ መጣች

ልጅቷ ተመልሳ መጣች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

የእህቴ ልጅ ናት። ሥነ ሕንፃ ታጠናለች፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ይቀራታል። በ2017 ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከጓደኛዋ ጋር (በዚህች «ጓደኛ» በምትባል ቃል ላይ ኋላ እመለስበታለሁ) ኬንያ ሄዳ አሥራ ስድስት ቀን ቆየች። የያዙት ገንዘብ ሲያልቅ መጡ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። የሰረቀችው የለም፣ የገደለችው የለም። ዘመድ አዝማዱ ግን ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ተሰብስቦ ጠበቃት። የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ በቤተሰቡ የሚፈሩት ሰውዬ፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ «እና ምን ልትሠሪ ተመለስሽ?» አሏት።

ልብ በሉልኝ፤ «ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» አላሉም። ያኛው ጥያቄ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው፤ ቡናው ሲፈላ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። መጀመሪያ የተነሳው የመመለሷ ነገር ነበር። ሰው ድንበር ተሻግሮ፣ ናይሮቢን ረግጦ፣ ከዚያ ወዲያ ስንት መንገድ እያለ በገዛ እግሩ እንዴት ይመለሳል? አንዷ አክስት ከልቧ አዝና «ምነው ልጄ፣ ሰው አጣሽ?» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ልጅቷ ላይ ሁለት ክስ ተመሥርቷል ማለት ነው። አንደኛ፣ ካላገባችው ወንድ ጋር መሄድ። ሁለተኛ፣ መመለስ። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው፤ አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል። መሄዷ ነውር ከሆነ መመለሷ ሊያስደስት ይገባ ነበር። እዚያው ቀርታ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ሰዎቹን ስለማውቃቸው በእርግጠኝነት እናገራለሁ፣ ከማን ጋር እንደሄደች የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ መቶ ዶላር ስትደርስ ልጁ ራሱ «አማቻችን» ይባል ነበር።

እኛ ዘንድ «ውጭ» የቦታ ስም መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የመውጫ ስም ነው። ሰው ውጭ የሚሄደው ሊታከም፣ ሊነግድ፣ ሊማር ወይም ሊቀር ነው፤ ከአራቱም ውስጥ ከልባችን የምናከብረው አራተኛውን ነው። ሄዶ በመመለሱ የሚከበር ተጓዥ ቢኖር የኢየሩሳሌም ተሳላሚና ሐጂው ብቻ ናቸው። እነሱን እልል ብለን እንቀበላለን፣ ስላዩት ነገር እናስወራቸዋለን፣ ስማቸው ላይ ማዕረግ እንጨምራለን። ለማየት ብቻ ሄዶ ለተመለሰ ሰው ግን ቃሉም የለን። «ሽርሽር» እንለዋለን፤ ሥራ የፈታ ሰው እንደሚያደርገው ነገር።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላዋ ልጅ ልውሰዳችሁ። የእኚሁ የተቆጡት ሰውዬ የገጠር ዘመዶች ከጥቂት ዓመታት በፊት በሬ ሸጠው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃቸውን ለደላላ አስረከቡ። የት ነው የምትሄደው? ጅዳ። ከማን ጋር? አያውቁም። ማን ቤት ነው የምታድረው? አያውቁም። ፓስፖርቷን ማን ይይዘዋል? አሠሪዋ። የደላላውን ሙሉ ስም እንኳ የጠየቀ አልነበረም። ሰውዬው ራሳቸው መርቀው ሸኟት፤ ነበርኩ፣ አይቻለሁ። ይህ የሆነው ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ ጠራርጋ ከመለሰች፣ ቦሌ ላይ ባዶ እግራቸውን የወረዱትን ልጆች አገር ሁሉ በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ነው። ያቺን ልጅ ለማያውቁት ቤት የሰጡ ሰዎች፣ ይህችን ልጅ ሦስት ዓመት ከሚያውቁት፣ ቤታቸው መጥቶ ዶሮ ከበላ ወጣት ጋር አሥራ ስድስት ቀን አላምናት አሉ። የክብር ጥያቄ ነው ይላሉ። የክብሩ ዋጋ በሬው ሲሸጥ የት ነበር?

የሚገርመው፣ እንደ ሰውዬው የሚያስብ ሌላም ሰው አለ። ፈረንጅ ነው፤ ከመስታወት ጀርባ ይቀመጣል።

ልጆቹ መጀመሪያ ያሰቡት ኬንያን አልነበረም። ልጅቷ በፎቶ ኮፒ ያጠናቻቸውን ካቴድራሎች በዓይኗ ልታይ አውሮፓ ለመሄድ አመልክታ ነበር። የባንክ ደብተር፣ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ የእናት ቤት ካርታ፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ... ዶሴው አንድ ክንድ ይሆናል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ከሰኔ 2016 ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል፤ ለሁለት ሰው 180 መሆኑ ነው። ቢከለክሉህም አይመልሱልህም። መልሱ መጣ፤ ቪዛው ከማለቁ በፊት ለመውጣት ያላችሁ ሐሳብ ያጠራጥረናል የሚል፣ በተዘጋጀ ቅጽ ላይ ምልክት የተደረገበት ወረቀት። ቆንሲሉ «አትመለሺም» ብሎ ከለከላት፤ አጎቷ «ለምን ተመለስሽ?» ብለው ወቀሷት። ሁለቱን ሰዎች አንድ ቡና ላይ ብናገናኛቸው እንዴት እንደሚግባቡ!

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። መንግሥታችሁ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ዜጎቹን ለመቀበል በበቂ አልተባበረም በሚል ምክንያት፣ የቪዛ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ወሰነ። የመንግሥታቱን ጠብ የሚከፍለው እንግዲህ ካቴድራል ማየት የፈለገ ተማሪ ነው። ይኸው ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላቸውን የራሱን ልጆች እያወዳደረ የባቡር መጓጓዣ በነፃ ይሰጣል፤ ዙሩ፣ እዩ፣ ከሰው ተዋወቁ ብሎ። ብቻውን መሄድ ያልፈለገ ከጓደኞቹ ጋር በቡድን ያመለክታል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ፣ ወጣቶቻቸው በአንድ ትኬት አገር ለአገር ሲዞሩ ኖረዋል። ለራሳቸው ልጅ ጉዞ ትምህርት ነው፤ ለኛ ልጅ ወንጀል ሊሆን የተቃረበ ጥርጣሬ ነው። በዚህ እከሳቸዋለሁ። ነገር ግን ክሱን ስጽፍ እጄን የሚይዘኝ ነገር አለ፤ ቆንሲሉ ስለ ልጆቻችን የሚያስበውን እኛም ቤታችን ተቀምጠን እናስባለን። ሁለት ፈረንጅ ተማሪዎች ቦርሳቸውን አዝለው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ላሊበላ ሲገቡ «ተጋብታችኋል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አስጎብኚ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ወደ ቃሏ ልመለስ። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ቃል ላይ ካልተቀመጠ አይሆንለትም። አማርኛ ለዚህ ሰው ስም አጥቶ አይደለም። «ፍቅረኛ» ብትሉ የዘፈን ግጥም ይመስላል። «እጮኛ» ብትሉ ቀለበቱ የታለ፣ ሽማግሌውስ መቼ ተላከ ይባላል። «ውሽማ» ስድብ ነው። «ቦይፍሬንድ» የሚለውን ልጆቹ እርስ በርስ ይሉታል እንጂ አባት ፊት አይወጣም። ስለዚህ «ጓደኛ»፤ የክፍል ጓደኛው፣ የዕቁብ ጓደኛው፣ የልብ ጓደኛው ሁሉ አብሮ የሚሸሸግበት ሰፊ ጋቢ። ጋቢውን የሸመነው ወላጅ ነው። ልጆች ውሸት የሚለማመዱት እዚያ ውስጥ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ጋቢውን ገለጠችው። ለእናቷ ቁጭ ብላ ነገረቻት፤ ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ በየከተማው የት እንደሚያድሩ፣ የልጁን ስልክ፣ የልጁን እናት ስልክ። «ከዲፓርትመንቱ ጋር ለፊልድ ትሪፕ ነው» ብትል ኖሮ የስንቅ ገንዘብ ጭምር ይሰጧት ነበር። የተቀጣችው በሄደችበት አይመስለኝም፤ እውነቱን በመናገሯ ነው። ታናናሾቿ ደግሞ ዳር ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። ምን እንደተማሩ ለመገመት መምህር መሆን አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ፣ ከዘመዱ ውስጥ ስለ መንገዱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔን የጨነቀኝ እሱ ነበር። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ በዚህ ዘመን፣ ቀላል ነገር አይደለም። በየት በኩል አለፋችሁ፣ የት አደራችሁ፣ ማን አስቆማችሁ? ለልጅ የሚያስብ ሰው ይህን ይጠይቃል። እነሱ የጠየቁት ስንት አልጋ እንደነበረ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስታውሱ። ይኸው የተሰበሰበው ዘመድ በሙሉ፣ ያነበበውም በሬዲዮ የሰማውም፣ ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። ሰብለ ወንጌል ማን ናት? የምትወደውን ሰው ፍለጋ ከአባቷ ቤት ጠፍታ መንገድ የወጣች ልጅ ናት። ሽማግሌ አልተላከላትም፣ ቀለበት አልነበራትም። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ጀምሮ ትውልድ ሁሉ ከሷ ጋር ወግኖ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲፈርድ ኖሯል። ታዲያ ያች ልጅ ቤታችን ስትወለድ ሁላችንም መሸሻ የምንሆነው ምን ነክቶን ነው? ፍቅረኞች አብረው ሲጓዙ ደስ የሚሉን እየሞቱ ሲሄዱ ነው መሰለኝ። በሕይወት ተመልሰው፣ ፊታቸው ፀሐይ ነክቶት፣ የተቀረጸ በር ፎቶ ሲያሳዩ ያናድዱናል።

አዎ፣ በር ነው ያሳየችን። የሞምባሳን አሮጌ ሰፈር የእንጨት በሮች አርባ ይሁን ሃምሳ ፎቶ አንስታለች፤ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩትን ቤቶች፣ ጠባቡን መንገድ፣ ጥላው እንዴት እንደተሰላ። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር መሪዎች በ2013 ዓ.ም. በመረቁት የጋራ የድንበር ጣቢያ አልፋለች። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ያ ሁሉ ዶሴ እዚያ ዋጋ የለውም። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ተሻግራ፣ ውኃው በዚህ በኩል ወደ ግራ በዚያ በኩል ወደ ቀኝ ይዞራል እያለ በባልዲ የሚያሳይ ሰው አግኝታ፣ ማታለያው የት ላይ እንደሆነ እዚያው ደርሳበታለች። ከናይሮቢ ሞምባሳ በ2009 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ባቡር ተሳፍራለች። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መሥራት የጀመሩትን ምሽግ በእርምጃ ለክታለች።

ከሁሉ ያስቀናኝ ግን የማሊንዲው ነው። ማሊንዲ ባሕሩ ዳር የቫስኮ ዳ ጋማ ዓምድ አለ፤ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1498 እዚያ ደርሶ ነበር። ልጁ ክሪስቶቮ ደግሞ በ1541 ከ400 ያህል ወታደሮች ጋር ምጽዋ ወርዶ፣ በማግስቱ ዓመት እኛ አገር የተገደለው ነው። «ጋሼ» አለችኝ፣ «የኢማም አሕመድን ዘመን ስማር ፖርቱጋሎቹ ከሰማይ የወረዱ ይመስለኝ ነበር። ለካ አባትየው በዚህ ባሕር ላይ ሲመላለስ የነበረ ነው!» ከፈተና ወረቀት ላይ ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ዓረፍተ ነገር ይኸ ነበር። ሁለት ነገር በአንድ ራስ ውስጥ ሲገናኙ። ከዓምዱ ሥር አብሯት የነበረውም ልጅ ያንን አይቷል፤ እስከ ሽምግልና የሚያወሩት አንድ ነገር አገኙ ማለት ነው። ይህ ለትዳር መጥፎ ዝግጅት ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ ያዩትን መጽሐፍ አድርገው በ1924 ዓ.ም. አሳትመው ሰጡን። «ለምን ተመለሱ?» ያላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ተጓዥ የሚጠበቀው ወሬ ይዞ እንዲመጣ ነበር።

የቀረችው ክርክር የገንዘብ ናት። «በዚህ ኑሮ? ተማሪ ሆና?» ይባላል። ገንዘቡ የሷ ነው፤ ሁለት ዓመት ለሰው ፕላን በኮምፒውተር እየሳለች ያጠራቀመችው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የቁጠባዋ የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንት ወደ ግማሽ ግድም ወርዶባት፣ ለዚያም ነው አውሮፕላኑ ቀርቶ አውቶቡስ የሆነው። ልጁም የድርሻውን አወጣ። ከማንም አልተበደሩም።

ይህን የሚሉት ሰዎች ደግሞ ለሁለቱ ሠርግ ከወዲሁ እያሰሉ ነው። አዳራሽ፣ የቬሎ ኪራይ፣ ሊሙዚን፣ ቪዲዮ፣ ባለ አምስት ፎቅ ኬክ፤ ሁለት ኬንያ፣ ሦስት ኬንያ የሚያስኬድ ገንዘብ በአንድ ቅዳሜ ሊበላ። ለዚያ ብድርም ይገኛል፣ ዕቁብም ይወጣል። ከሠርጉ በኋላ ለጫጉላ ዱባይ ቢሄዱ ደግሞ ፎቶውን በየስልካችን እየተቀባበልን «እንዴት ያምርባቸዋል!» እንላለን። ሰዎቹ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። አልጋውም አልጋ ነው። ልዩነቱ መሃል ላይ አምስት መቶ ሰው ጥሬ ሥጋ መብላቱ ነው።