ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም

አንድ በሽተኛ ሐኪም ፊት ቀርቦ «ሆዴን ያመኛል» ብሎ ዝም ቢል፥ ሐኪሙ ከዚህ ቃል የሚያገኘው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ሆድ ብዙ ነዋሪ ያለበት ቤት ነውና፤ ጨጓራ፥ ጉበት፥ የሐሞት ከረጢት፥ ጣፊያ፥ ቆሽት፥ ኩላሊት፥ ቀጭንና ወፍራም አንጀት፥ የሽንት ፊኛ፥ በሴቶችም ማኅፀን ሁሉ በዚያ ተጠጋግተው ይኖራሉ። ደግሞም የሆድ ዕቃ ነርቭ እንደ ጣት ነርቭ ሥፍራን ለይቶ አይናገርም። ጣቱን እሾህ የወጋው ሰው ቦታውን ወዲያው ያሳያል፤ አንጀቱ የታመመ ሰው ግን መዳፉን በእምብርቱ ላይ አድርጎ ክብ ከማዞር በቀር የሚያሳየው ነገር የለውም።

ቢሆንም አማርኛ ለዚህ ሕመም የቃል ችግር የለበትም። በሥራቸው ምክንያት አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን የሚከተሉትን ቃላት ለይተው ቢያውቁ ለራሳቸውም ለሚያገለግሉት ሕዝብም ይጠቅማቸዋል። «ቁርጠት» የሚባለው እየመጣ የሚሄድ፥ አንጀትን ጠምዝዞ የሚለቅ ሕመም ነው፤ አንጀት ወይም የሽንት ቧንቧ የዘጋውን ነገር ለመግፋት ሲታገል የሚሰማው ይህ ነው። «ውጋት» እንደ ጦር የሚሰካ፥ ብዙ ጊዜም ከጎን በኩል የሚሰማ ሲሆን፥ በትንፋሽ ጊዜ የሚብስ ከሆነ የሳንባን ሽፋን ያጠራጥራል። «ቃር» ከጨጓራ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወጣው ቃጠሎ ነው። «መነፋት» ሆድ በአየር ወይም በውሃ ሲወጠር ነው። «ቁርጥማት» ግን የሆድ ሕመም አይደለም፤ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ነው። ይህንን ከቁርጠት ጋራ የሚያደባልቅ ተማሪ ሐኪሙን ከሆድ ወደ ጉልበት ይልከዋል።

የከተማ ሰው ግን እነዚህን ጥሩ ቃላት ሁሉ ትቶ «ጨጓራ አለብኝ» ማለትን ለምዷል። ጨጓራ የሌለው ማን አለ? የአካል ክፍል ስም የነበረው ቃል የበሽታ ስም ሆነ፤ ከዚያም አልፎ ከደረት እስከ ጉያ ያለውን ሕመም ሁሉ የሚሸፍን ጋቢ ሆነ። በዚህ ጋቢ ሥር የሚደበቀው ብዙ ነው። የሐሞት ከረጢት ጠጠር ያለበት ሰው ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላ በኋላ ከቀኝ የጎን አጥንቱ በታች ይታመማል፤ ሕመሙም ወደ ቀኝ ትከሻው ይወጣል። የቆሽት መቈጣት የያዘው ሰው ሕመሙ ወደ ጀርባው ዘልቆ ወደ ፊት ካልተጎነበሰ ዕረፍት አያገኝም። ሁለቱም «ጨጓራዬ ተነሣ» እያሉ የቃር መድኀኒት ሲውጡ ይከርማሉ። ወገቡን ወይም ራሱን ያመመው ሰው ደግሞ ዲክሎፌናክ፥ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን አዘውትሮ ሲውጥ፥ መድኀኒቱ ራሱ ጨጓራውን ያቈስለዋል። ሐኪሙ ካልጠየቀው በቀር ይህን አይናገርም፤ የራስ ምታት ኪኒን ከሆድ ጋራ ምን አገናኘው ብሎ ያስባልና።

የጨጓራና የአንጀት መነሻ ቍስልን በሚመለከት ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1982 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ አውጥተው ለማራባት ቻሉ። ከዚያ በፊት ቍስሉ ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት የሚመጣ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ የሰማቸው ጥቂት ነበረ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው እንደ ተቈጣ አሳየ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችን ይህ ባክቴሪያ ያለበት ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ምንም ሕመም አይሰማቸውም። ስለዚህ «ባክቴሪያው ተገኝቶብሃል» መባል ብቻውን «የሕመምህ ምክንያት ተገኘ» ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። መድኀኒቱን እስከ መጨረሻው ጨርሶ ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ያንኑ መድኀኒት ደጋግሞ ከሚገዛ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግለት መጠየቅ አለበት።

አንዳንዱ የሆድ ሕመም ከሆድ የመጣ አይደለም። የሳንባ ታችኛው ክፍል በምች፥ ማለትም በኒሞኒያ ሲያዝ፥ በተለይ ሕፃን ልጅ ሆዱን ይዞ ያለቅሳል። የልብ ድካም በድንገት ሲመጣ ደግሞ በአንዳንድ ሰው፥ ይልቁንም በሴቶችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ዘንድ፥ ከደረት ይልቅ ከደረት በታች ባለው ክፍል ይሰማል። የስኳር በሽታ ራሱ መድኀኒት ሲጓደልበት ብርቱ የሆድ ሕመምና ትውከት ያመጣል። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ሽፍታው በቆዳ ላይ ከመውጣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት በአንድ ወገን ብቻ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በእነዚያ ቀናት ሐኪም ሆዱን ቢመረምር ምንም አያገኝም። የሆድ ጡንቻ ውስጥ የተጣበቀ ትንሽ ነርቭም ለዓመታት ሊያሠቃይ ይችላል። ካርኔት የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1926 የገለጸው ቀላል ፈተና ይህን ይለያል፤ በሽተኛው በጀርባው ተኝቶ የሚያመው ቦታ በጣት ተጭኖ ሳለ ራሱን ቀና እንዲያደርግ ይነገረዋል። ሕመሙ ከበረታ ችግሩ ከሆድ ግድግዳ ነው፤ ከቀነሰ ግን ከውስጥ ነው። ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ይህን የመሰለ ፈተና ብዙ ጊዜ መዘንጋቱ ያስገርማል።

ሴቶችን በሚመለከት አንድ ነገር ሳይነገር መቅረት የለበትም። የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት በአንድ ጎን ሕመም ሲሰማት፥ ደግሞም ራሷን ሲያዞራት፥ ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ አርፎ ሊሆን ይችላልና አንድ ሰዓት እንኳ ሳይባክን ሐኪም ቤት መድረስ ይገባታል። ይህን የመሰለውን ነገር አባትና ወንድም በቆሙበት ልጃገረድ አትናገርም። ስለዚህ ያጀባት ዘመድ ወጣ ብሎ ቢጠብቅ መልካም ነው፤ ሐኪሙም ካላስወጣው በራሱ ፈቃድ ይውጣ። በየወሩ ከአበባ ጋራ የሚመጣ፥ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ሕመምም «የሴት ዕጣ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ምርመራ የሚገባው ነው።

ጥገኛ ትሎችን ሁሉም ስለሚያውቃቸው በአጭሩ እንለፋቸው። ወስፋት ሲበዛ የሕፃናትን አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳል። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ይመጣል፤ ለእርሱም ዛሬ የታወቀ ኪኒን ስላለ የኮሶን አበባ በዘፈቀደ መጠን መጠጣት አይገባም፤ ሲበዛ የዐይንን ብርሃን ይጎዳል። ቢልሐርዝያ ቀንድ አውጣ ካለበት ውሃ በቆዳ ይገባል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያዩትም ይህንኑ በሽታ ሲያጠኑ ነው። ለወራት የሚቈይ ሕመም ከክሳትና ከማታ ትኩሳት ጋራ ከሆነ ግን ትልን ትቶ የሆድ ዕቃን ሳንባ ነቀርሳ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ስሙ የሳንባ ቢሆንም ሆድንም ይይዛልና።

ለነገ የማይባለው የትኛው ነው? በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ ታችኛው የቀኝ ጎን የወረደ ሕመም የትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ሆድ ተነፍቶ አየርም ዐይነ ምድርም መውጣት እንቢ ካለ፥ በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚታየው የወፍራም አንጀት መታጠፍ ይጠረጠራል። ሆድ እንደ ሳንቃ ከደረቀ፥ ደም ካስመለሰ፥ ዐይነ ምድር እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፥ ዐይን ብጫ ከሆነ፥ ሕመም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ መቈየት አይገባም። በእነዚህ ጊዜያት የሚያስቀምጥ መድኀኒት፥ ኮሶም ሆነ እንቆቆ፥ መስጠት እጅግ አደገኛ ነው፤ የተቈጣውን ትርፍ አንጀት ያፈነዳዋል፤ የተዘጋውንም ያባብሰዋል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምንም ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በሽተኛው «ምንም የለብህም» ተብሎ ሲሰናበት እንደ ውሸታም የተቈጠረ ይመስለዋል። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። አንጀትና አንጎል በብዙ ነርቭ የተያያዙ ናቸው፤ ይህ ግንኙነት ሲረበሽ አንጀቱ ሳይቈስል ሕመሙ እውነተኛ ሆኖ ይሰማል። አማርኛም «ሆድ ባሰኝ»፥ «አንጀቴን በላው» ሲል ይህን ዝምድና ያውቀዋል። «ምርመራው አደገኛ ነገር አላሳየም፤ ሕመምህን ግን አምነንበት እንከታተለዋለን» የሚል ሐኪም የበለጠ እውነት ተናገረ።

ምክንያት ከቶ የለም ተብሎ ሊተው ይችል የነበረ፥ በመጨረሻ ግን የተገኘ አንድ ጉዳይ በራሳችን አገር አለ። በ2001 በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ጸዳ እምባ በተባለች የገበሬ መንደር ሰዎች ከደረት በታች ሕመም ይሰማቸው ጀመር። ቀጥሎም ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ ተነፋ፤ ሰውነታቸው ከሳ፤ የሞቱም ነበሩ። ጉበት ታመመ እንዳይባል የጉበት በሽታ የሚያመጡት የተለመዱት ምክንያቶች ነገሩን አልፈቱትም። በሽታውም «ያልታወቀ የጉበት በሽታ» የሚል ስም ተሰጥቶት ቈየ። የአገር ውስጥና የውጭ አገር ባለሙያዎች ዓመታት የፈጀ ምርመራ አድርገው የደረሱበት ፍንጭ ግን በሰው አካል ውስጥ ሳይሆን በእህል ውስጥ የነበረ ነው፤ አጌራተም የተባለ አረም ከእህሉ ጋራ ተደባልቆ ይበላ ነበር።

አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለበት። ይህ መርዝ በአንድ ቀን አይገድልም። ጉበት ሊያስወግደው ሲሞክር ይብሱን ወደሚጎዳ ነገር ይለውጠዋል፤ በጉበት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ደሙ መውጫ ሲያጣ ጉበቱ ያብጣል፥ ውሃውም ወደ ሆድ ይፈሳል። ጉበት በውስጡ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም፤ ሲያብጥ የሚወጠረው ሽፋኑ ነው የሚያመው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በሰሜን ምዕራብ አፍጋኒስታንም በሌላ አረም ዘር በተበከለ ስንዴ ምክንያት ይህንኑ የመሰለ በሽታ ብዙ ሕዝብ ጎድቷል። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ሰብሉ ሲመነምን አረሙ ይበረታል፤ የተራበም ሰው እህሉን እንደ ወትሮው አጥርቶ ለማበጠር አቅሙ ያንሳል።

እንዲህ ያለው ምክንያት በአንድ በሽተኛ ላይ ብቻ ሊታይ አይችልም፤ የሚታየው ብዙዎቹ አንድ ላይ ሲቈጠሩ ነው። ስለዚህ በወረዳና በቀበሌ የሚሠራ ሹም ከአንድ መንደር ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ዓይነት የሆድ ሕመም መታመሙን ሲሰማ፥ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ ከየትኛው ጕድጓድ እንደሚጠጡ፥ እህሉ ከየትኛው ማሳ እንደ ታጨደና በየትኛው ጐተራ እንደ ተቀመጠ ጠይቆ ይጻፍ፤ የጻፈውንም ለጤና ጣቢያው ያድርስ። ከእህሉ ናሙና ሲወስድም የተበጠረውንና ንጹሑን ብቻ አይውሰድ፤ ሴቶቹ ከሰፌድ ላይ ለቅመው የጣሉትን አረምና እንክርዳድ ለብቻው በወረቀት ጠቅልሎ፥ የመንደሩን ስምና ቀኑን በላዩ ጽፎ አብሮ ይላክ።