ያልተሳካ መጠይቅና ዝም ያለ ኮድ

አንድ የድረ ገጽ ፕሮግራም ወደ መረጃ ቋት የሚልከው መጠይቅ በብዙ ምክንያት ሊከሽፍ ይችላል፤ ግንኙነት ይቋረጣል፣ የሠንጠረዥ ስም ይሳሳታል፣ መደገም የሌለበት ቁልፍ ይደገማል። ከክሽፈቱ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ኮዱ ሳያስተውለው ማለፉ ነው።

በፒኤችፒ ቋንቋ ይህ ችግር ለረጅም ጊዜ ከነባሪው አሠራር የመነጨ ነበር። ማይኤስኪውኤልአይ የተባለው ቅጥያ መጠይቅ ሲከሽፍ «ሐሰት» የሚል እሴት ይመልስ ነበር እንጂ ፕሮግራሙን አያስቆምም ነበር። እሴቱን መፈተሽ ለኮድ ጸሐፊው ትጋት ተትቶ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፒኤችፒ 8.0 በፒዲኦ፣ በ2021 የወጣው 8.1 ደግሞ በማይኤስኪውኤልአይ ላይ ነባሪውን ለውጠው ክሽፈት ኤክሴፕሽን እንዲያስነሳ አደረጉ።

ውሳኔው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ችግሩ ተቋጭቷል የሚለው አስተያየት አያስኬድም። አንደኛ፣ አሮጌውን ሁነታ በአንድ መስመር ኮድ መመለስ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ኤክሴፕሽኑን ይዞ ምንም የማያደርግ ባዶ ብሎክ ዝምታውን መልሶ ያመጣል። ሦስተኛ፣ አንድም ረድፍ ያላገኘ የማሻሻያ መጠይቅ በመረጃ ቋቱ ዘንድ እንደ ተሳካ ይቆጠራል፤ ውጤቱ የታሰበው መሆኑን መለየት የፕሮግራሙ ድርሻ ነው።

የጉዳዩ ክብደት በገንዘብ ዝውውር ይታያል። በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ከላኪው ሒሳብ የሚቀንሰው መጠይቅ ተሳክቶ፣ ለተቀባዩ ገቢ የሚመዘግበው በተደገመ ቁልፍ ምክንያት ቢከሽፍ፣ ኢኖዲቢ የሚሽረው የከሸፈውን መጠይቅ ብቻ ነው። ኮዱ ክሽፈቱን ሳይመለከት ትራንዛክሽኑን ካጸደቀ፣ ገንዘቡ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ሳይደርስ ይቀራል። የስህተት መልእክት ያየ ሰው ግን የለም።

ኮድን ሳያስኬዱ የሚመረምሩ መሣሪያዎች ያልተፈተሸ እሴትንና ባዶ ብሎክን ሊጠቁሙ ይችላሉ። የተያዘው ስህተት በአግባቡ መስተናገዱን፣ ትራንዛክሽኑም መሻሩን ግን በሙሉ አያረጋግጡም። ይህን የሚያሳየው መጠይቁን ሆን ብሎ የሚያከሽፍ ሙከራ ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራ ሆኖ የሚቀርብ ሥርዓት ሁሉ ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲከሽፍም ሊፈተን ይገባል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ ያላሳየ ሥርዓት ተፈትኗል ማለት አይቻልም።