ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ ችግረኛ ሕመምተኛ፤ የመሥሪያ ቤቶች መተባበር

ደዌና ችጋር በአንድ ቤት አብረው የሚያድሩ መሆናቸውን የዚህ ገጽ አንባቢዎች ሁሉ ያውቁታል። አባወራው ሲታመም ማሳው ጦም ያድራል፤ ማሳው ጦም ሲያድር ልጆቹ ይከሳሉ፤ የከሳ ልጅም ደዌን ፈጥኖ ይቀበላል። የመንግሥት ሥራ ግን በየክፍሉ የተመደበ ስለ ሆነ፥ ሕመሙ ወደ ጤና፥ ረኀቡ ወደ ግብርና፥ የሽማግሌውና የሙት ልጁ ነገር ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ይሄዳል። ይህ መከፋፈል ለሒሳብና ለኀላፊነት የተገባ ነው፤ እኛም በመዝገብ ሥራ የኖርን ሰዎች ልንነቅፈው አይገባንም። ዳሩ ግን ባለጉዳዩ አንድ ሰው ነው፤ በሦስት ደጅ የሚጠናበት ጉልበት የለውም።

ይህን ችግር ለማቃለል በአገራችን ምን እንደ ተሞከረ ለማስረዳት የነፍሰ ጡሯን ጉዳይ አስቀድማለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ተጀምሮ፥ በየገጠሩ ቀበሌ ጤና ኬላ እየተሠራ፥ አንድ ዓመት የተማሩ ሁለት ሁለት ሴቶች በደመወዝ ተመደቡ። እነርሱም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ስለ ንጽሕና፥ ስለ ክትባትና ስለ ወሊድ ያስተምራሉ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በየዓመቱ እህል ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ልማታዊ ሴፍቲኔት የተባለው ሥርዓት ቆመ። በዚህ ሥርዓት ጉልበት ያለው ቤተ ሰብ እርከን እየሠራ፥ ኩሬ እየቈፈረ፥ መንገድ እየጠረገ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ ጉልበቱ የደከመና የሚሠራለት ሰው የሌለው ግን ያለ ሥራ ይረዳል፤ ይኸውም ቀጥተኛ ድጋፍ ይባላል። እንግዲህ በአንዱ ቀበሌ ውስጥ የጤና ሠራተኛዪቱ ማን እንዳረገዘች ታውቃለች፤ የሥራው ተቈጣጣሪ ደግሞ ማን ድንጋይ እንደምትሸከም ያውቃል። የሁለቱ ዕውቀት ካልተገናኘ ያረገዘችው ራሷ ድንጋዩን ስትሸከም ትገኛለች።

በ2008 የበጀት ዓመት የተጀመረው የሴፍቲኔት አራተኛ ምዕራፍ ሁለቱን አገናኘ። የሴትዮዋ እርግዝና በጤና በኩል ሲረጋገጥ ከጉልበት ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ እንድትዛወር፥ ልጇም አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሳትሠራ እንድትቀበል ተደነገገ። ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በምግብ እጥረት የተጐዳባት እናትም በዚሁ ተቈጠረች። እናቲቱም በበኩሏ ለእርግዝና ምርመራ፥ ለሕፃኑ ክትባትና ለአመጋገብ ትምህርት እንድትመጣ ትመከራለች። ብትቀር ግን ለምን እንደ ቀረች ትጠየቃለች እንጂ ድርሻዋ አይቀነስባትም።

ቅጣት የሌለበት ደንብ አይከበርም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን ደንቡን ያወጡት ሰዎች በዚህ ነገር መልካም አስበዋል እላለሁ። የቀረችው ሴት መንገዱ ርቋት፥ ወይም ሌላ ልጅ ታሞባት ሊሆን ይችላል፤ እህሏን ቢቀንሱባት የሚቀጣው በማኅፀኗ ያለው ነው።

ነገሩ የሚሰናከለው በሌላ ስፍራ ነው። ከጤና ኬላ የወጣው ወረቀት ለቀበሌው ኮሚቴ፥ ከቀበሌው ለወረዳው መድረስ አለበት። የክፍያው ስም ዝርዝር ቀድሞ ተጽፎ ከሆነ ሴትዮዋ በዶማው ሥራ ላይ ትቈያለች። አንድ ወረቀት በጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ቢያድር ለጸሐፊው ከባድ ነገር መስሎ አይታየውም፤ ለአራት ወር ነፍሰ ጡር ግን ሦስት ሳምንት የድንጋይ ሸክም ነው። ሁለተኛውም ዕንቅፋት ከቤት የሚወጣ ነው። በብዙው ገጠራችን ሴት ልጅ ሆዷ እስኪገፋ ድረስ እርግዝናዋን መናገር ታፍራለች፤ የሰው ዐይንም ትፈራለች። ስለዚህ ደንቡ ሊጠብቃት የሚፈልግባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት በዝምታ ያልፋሉ። ይህን ዝምታ የወረዳ ደብዳቤ አይፈታውም፤ እናትና አማት ግን ይፈቱታል፤ የጤና ሠራተኛዪቱም ቤት ስትገባ አስቀድማ ከእነርሱ ጋር ቡና ብትጠጣ ሥራዋ ይቀናል።

ወደ ችግረኛው ሕመምተኛ ስንመለስ፥ ነፃ ሕክምና የሚያሰጠውን ወረቀት የሚጽፈው ቀበሌው ነው፤ የሚያክመው ጤና ጣቢያው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ወረዳው ነው። በ2003 ዓ.ም. በዐሥራ ሦስት ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ ጤና መድን ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ መክፈል የማይችለውን ቤተ ሰብ መዋጮ መንግሥት እንዲሸፍንለት ተደረገ። ቀጥተኛ ድጋፍ የሚቀበል ሽማግሌ ደሃ መሆኑ አንድ ጊዜ ተመርምሮ ታውቋል፤ እንደ ገና ለጤና መድኑ ደህነቱን እንዲያስመሰክር ማድረግ ለእርሱ ውርደት፥ ለመሥሪያ ቤቱም ድካም ነው። የአንዱ መሥሪያ ቤት ዝርዝር ለሌላው እንዲበቃ ማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለት ሹሞች በአንድ ቀን አንድ ቤት መቀመጣቸውን ብቻ ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው መቀመጥ በትግራይ ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በአቢ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳ በተደረገው የገንዘብ ድጋፍ ሙከራ ታይቷል። የሚረዳውን ቤት በመለየቱ ሥራ የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የተባለው የየቀበሌው ጉባኤ ገብቶበት ነበር። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ ዕድርን ይመስላልና። ነገር ግን ዕድር የቆመው ይልቁንም ለቀብር ነው፤ ይህኛው ሰው በሕይወት ሳለ ይደርሳል።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ በ2014 ዓ.ም. ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ስያሜው ቢለወጥም በቀበሌ ያለው ሥራ ያው ነው። ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ከሐኪም ቤት ሲወጣ፥ መድኀኒቱን የሚያስታውሰውና ውሃ የሚቀዳለት ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል፤ መልስ ከሌለም ከመውጣቱ በፊት ለቀበሌው ይጻፍ። ካልተጻፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደዚያው አልጋ ይመለሳል፤ ወይም አይመለስም።

የጤና መድኑ መዋጮ ብዙ ጊዜ የሚሰበሰበው እህል ከገባ በኋላ ስለ ሆነ፥ የችግረኞቹ ዝርዝር ከዚያ አስቀድሞ በኅዳር ወር ቢመረመርና በቤታቸው የተኙ ሕሙማን ስም በጤና ሠራተኛዪቱ አፍ ቢነበብ፥ መምጣት ያልቻለ ሰው ሳይጻፍ አይቀርም።