በቅጠል የተቀደመ ሠዓሊ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1889 ማርች ወር ፍሬስሊን ወደተባለች የመካከለኛው ፈረንሳይ መንደር የሄደው የብርዱን ወራት መልክ በዘይት ቀለም ሊያስቀር ነበር። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ገደላማ ሸለቆ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ ቅጠሉ የረገፈ ያረጀ የባሉጥ ዛፍ። ሸራዎቹን ዘርግቶ ሥራ ጀመረ፤ ሰማዩ ግን አልተባበረውም። ዝናቡ እየደጋገመ አባረረው፤ ብርዱ እጁን ሰነጣጠቀው። ሜይ ሲገባ ሸራው ላይ ያለው ዛፍ እርቃኑን እንደቆመ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ያለው ግን ለምልሞ አረንጓዴ ለብሷል።

ሞኔ ሥዕሉን አልተወውም። የመሬቱን ባለቤት አስፈቀደ፣ ረጃጅም መሰላሎች በብዙ ድካም ወደ ገደሉ አስወረደ፣ ሁለት ሰዎች ቀጥሮ የባሉጡን ቅጠል አስለቀመ። ለወዳጁ ለአሊስ ኦሽዴ በጻፈው ደብዳቤ ደስታውን ገለጸ፤ በዚያ ወቅት የብርድ ወራት ሥዕል እየጨረሰ መሆኑ ራሱንም እንዳስደነቀው አልሸሸገም።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የአንድ ግትር ሰው ወግ ሆኖ ይነገራል። ነገሩ ግን ከዚያ ይከብዳል። ሞኔ ቅጠሎቹን በሐሳቡ አራግፎ መሳል አያቅተውም ነበር፤ የበሰለ እጅ ነበረው፣ ዛፉንም ለሳምንታት ተመልክቶታል። ሆኖም ዓይኑ ፊት የሌለውን ቅርንጫፍ ሸራው ላይ ማኖር አልወደደም። ይህ ዓምድ የሚሟገተው ለዚያ ዓይነት ታማኝነት ነው፦ አንድ ቦታ መርጦ፣ ወቅት ሲለዋወጥ እየተመላለሱ፣ ያዩትን መሳል።

የዘይት ቀለም ለዚህ ሥራ የተመቸ አይደለም። የውሃ ቀለም ውሃው ተንኖ ይደርቃል። የዘይት ቀለም ግን የሚደርቀው በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ሲጠነክር ነው፤ ስስ ከሆነ ቀናት፣ ወፍራም ከሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ውጭ የቆመ ሠዓሊ ያን ያህል ጊዜ የለውም። እርጥቡን በእርጥብ ላይ ይቀባል፤ አንዴ የተሳሳተ ብሩሽ ሰማዩንና መሬቱን አቀላቅሎ ያደፈርሰዋል። ብርድ ሲሆን ቀለሙ ይወፍራል፣ ነፋስ ሲነሣ ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋል፣ አቧራው እላዩ ላይ ይለጠፋል። እንዲያም ሆኖ ዘይት የሚሰጠውን ሌላ አይሰጥም። የአንድ ጥላ ጥልቀት፣ ከዝናብ በኋላ የሚያበራ መሬት ክብደት በዘይት ነው የሚያዘው። ለንደን ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ጎፍ ራንድ በ1841 ታጥፎ ለሚጨመቀው የቆርቆሮ ቱቦ የባለቤትነት ፈቃድ ባያወጣ ኖሮ ውጭ በዘይት መሳሉ ይዘገይ ነበር። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ቀለም የሚቋጠረው በአሳማ ፊኛ ነበር፤ አንዴ ከተበሳ በኋላ መልሶ መድፈኑ አስቸጋሪ ነው።

ከባሉጡ በኋላ ሞኔ ከወቅት ጋር መሽቀዳደሙን ትቶ ወቅቱን ራሱን ይሥል ጀመር። በ1890 የበጋ መጨረሻ ዢቨርኒ ካለው ቤቱ አጠገብ በእርሻ ላይ የቆሙ የእህል ክምሮች ነበሩ። ነዶው ሳይወቃ ተከምሮ ወራት የሚቆይበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ መውቂያው ማሽን ከመንደር መንደር እየዞረ ስለሚሠራ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። ያ ጥበቃ ለሠዓሊው ሲሳይ ሆነለት። ክምሩ በመኸር ፀሐይ ወርቅ መሰለ፣ በውርጭ ሐምራዊ ሆነ፣ በረዶ ሲለብስ ጥላው ሰማያዊ ተዘረጋ። በአንድ ሸራ ላይ ብርሃኑ ሲለወጥ ሌላውን ያነሣል፤ በማግስቱ በዚያው ሰዓት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በሜይ 1891 ከእነዚህ ሥዕሎች አሥራ አምስቱ ፓሪስ በሥዕል ነጋዴው በዱራን ሩኤል ዐውደ ርእይ ላይ ጎን ለጎን ተሰቀሉ፤ ተመልካቹም አንድ ተራ ክምር ስንት መልክ እንዳለው አየ።

በዚያው ዓመት በኤፕት ወንዝ ዳር የተሰለፉ የፖፕላር ዛፎችን ሲሥል መንደሩ ዛፎቹን ለጨረታ አወጣቸው። ሞኔ ከእንጨት ነጋዴ ጋር ተስማምቶ ገንዘብ ጨመረና፣ ሥራው እስኪያልቅ እንዳይቆረጡ አደረገ። ጎረቤቱ የነበረችው አሜሪካዊት ሠዓሊት ሊላ ካቦት ፔሪ እንደጻፈችው፣ ከእነዚህ ሥዕሎች በአንዱ ላይ የሚፈልገው ብርሃን የሚቆየው ለሰባት ደቂቃ ብቻ ነበር።

ገንዘብና መሰላል የሌለው ሠዓሊስ? የካናዳው ቶም ቶምሰን መልስ ይሰጣል። በ1877 የተወለደው ቶምሰን በቶሮንቶ የማስታወቂያና የሕትመት ንድፍ ሠሪ ነበር፤ ወደ አልጎንኩዊን ፓርክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደው በ1912 ነው። ሐይቅ፣ ጥድ፣ ድንጋይ፣ ለሰዓታት የሚቀዘፍ ታንኳ። ጄምስ ማካለም የተባለ የዓይን ሐኪም ለአንድ ዓመት ወጪውን ሊችል ሲስማማ የቢሮ ሥራውን ተወ፤ በኋላም በ1916 በጋ በፓርኩ የእሳት ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ። የሚሥለው 21 በ27 ሴንቲ ሜትር በሚያህሉ የእንጨት ገበታዎች ላይ ነበር። ገበታዎቹ በጉልበት ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ክዳኑ ሥዕሉን ደግፎ ይይዛል፣ ከሥሩ ቀለሙ ይደባለቃል። በዚያች ጠባብ ቦታ አላስፈላጊ ነገር አይገባም። ሰማዩ አራት አምስት ብሩሽ ነው፤ በብሩሾቹ መሐል ያልተቀባው እንጨት ራሱ ቀለም ሆኖ ይታያል።

ቶምሰን ከጸደይ እስከ መጸው እዚያ ይከርምና በብርዱ ወራት ቶሮንቶ በአንድ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ከትንንሾቹ ገበታዎች ትልልቅ ሸራዎች ይሠራል። «ጃክ ፓይን» የተባለው ዝነኛ ሥዕሉ፣ 128 በ140 ሴንቲ ሜትር የሚያህለው፣ የተወለደው እንዲህ ነው። ትልቁ ሸራ ግሩም ነው፤ እውነቱ ግን ትንሿ ገበታ ላይ ይበልጣል። ትልቁ የታሰበበት ነው፤ ትንሿ ሐይቁ ዳር ስትሣል የነበረውን ነፋስ እንደያዘች ናት።

በ1917 ጸደይ ቶምሰን ገና በረዶው ሳይቀልጥ ፓርኩ ደረሰ። የፓርኩ ጠባቂ ማርክ ሮቢንሰን በኋላ እንደተናገረው፣ የጸደይን አመጣጥ በየቀኑ አንድ ሥዕል እየሣለ መዝግቦ ነበር፤ በረዶው ሲሳሳ፣ ሐይቁ ሲከፈት፣ ቡቃያው ሲቀላ። ጁላይ 8 ቀን በታንኳው ወጣና አልተመለሰም። አስከሬኑ ከስምንት ቀናት በኋላ በካኑ ሐይቅ ተገኘ፤ 39 ዓመቱ ነበር። በአጭር የሥራ ዘመኑ የነበሩ ጓደኞቹ በ1920 «የሰባቱ ቡድን» ብለው ሲደራጁ የካናዳን መልክዓ ምድር የማየት መንገዳቸው የእሱን አሻራ ይዞ ነበር።

ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢሳክ ሌቪታንም እንዲሁ «ማርች» የተባለውን ሥዕሉን በ1895 በአንድ የገጠር ርስት ላይ በቀጥታ ከተፈጥሮ ፊት ቆሞ ሣለ፦ የሚቀልጥ በረዶ፣ በር ላይ የቆመ ፈረስ፣ ሰማያዊ ጥላ። ይህ ልማድ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በሶቪየት ኅብረት የሥነ ጥበብ ተቋማት ተማሪው በየበጋው ውጭ ወጥቶ መሣሉ የትምህርቱ አካል ነበር፤ እዚያ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሠዓልያንም በዚያ ልምምድ አልፈዋል።

ይሁንና የአገራችን ወቅት የሞኔን ዓይነት ወቅት አይደለም። ዢቨርኒ ላይ የዓመቱ ረጅም ቀን 16 ሰዓት ያህል፣ አጭሩ ደግሞ 8 ሰዓት ያህል ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰዓት ነገር ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ከራስ በላይ ትቆምና ጥላን ትውጣለች፤ ወደ ማታም ቶሎ ትጠልቃለች፣ ሠዓሊው ረዥም አመሻሽ አያገኝም። ስለዚህ እዚህ ወቅት የሚነበበው ከብርሃኑ ርዝመት ይልቅ ከመሬቱ ቀለም ነው።

ቢሾፍቱ አካባቢ፣ አድአ ላይ አንድ የጤፍ ማሳ ይታሰብ፤ ከጀርባው ዝቋላ። ሐምሌ ላይ መረሬው አፈር ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ጭቃ ነው። መስከረም ላይ ጤፉ ከሣር የማይለይ ለስላሳ አረንጓዴ ሆኖ ድንበሩን አደይ አበባ ይከበዋል፤ ያ ቢጫ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል፣ ያመለጠው ሠዓሊም ዓመት ይጠብቃል። ኅዳር ላይ ዘለላው ይጎነበስና ነፋስ ሲነካው ማሳው ሁሉ ይዘናፈላል። ከዚያ ማጭድ፣ ነዶ፣ ክምር፣ አውድማ። የካቲትና መጋቢት ላይ የተሰነጠቀ መሬትና አቧራ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የዝቋላ ጫፍ እንኳ በጭጋጋማው አየር ይደበዝዛል።

ክምር በአገራችን ከዢቨርኒ ያላነሰ ብዙ አለ። ሠዓልያኖቻችን ግን ገጠሩን አብዛኛውን ጊዜ በማስታወስ ይሥሉታል፤ ጎጆው፣ እንስራዋ፣ በሬዎቹ በአንድ ዘላለማዊ ብሩህ ቀን ውስጥ ይቆማሉ። በየትኛው ወር እንደሆነ አይታወቅም። ገበሬው ሥዕሎቹን ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ይሆናል።

አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ዛሬም በስማቸው ይጠራል፤ ከከተማው ቢሾፍቱ ደግሞ ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። አንድ ክፍል ተማሪዎች በሐምሌ፣ በመስከረም፣ በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት ወደ አንዲት ማሳ ቢመላለሱ፣ ትንንሽ ገበታና ጥቂት ቱቦ ቀለም ይበቃቸዋል። ሐምሌ ላይ ጃንጥላ፣ መጋቢት ላይ እርጥቡን ሥዕል ከአቧራ የሚከልል ክዳን ያለው ሳጥን ያስፈልጋል። ቀድመው ገበሬውን ማስፈቀድ፣ ክምሩም መቼ እንደሚወቃ መጠየቅ አለባቸው። በዓመቱ መጨረሻ ሥዕሎቹ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ገበሬውም ተጋብዞ ለየወራቸው ትክክል መሆናቸውን ይመርምር።