ካሜራው አልሞተም፣ በርዶታል

እኛ ልጆች አንድ አመል አለብን፤ የቆየ ዕቃ አንድ ቀን እምቢ ካለ «ሞቷል» ብለን ቡፌ ላይ እንገትረዋለን! የአባቶቻችን የፊልም ካሜራም ዕጣው ይኸው ሆኗል።

እስቲ ሰሜን ተራሮች ይዛችሁት ውጡ እንበል። ዳባት ላይ ደህና ሲያነሳ የዋለ ካሜራ፣ ከደባርቅ አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲያድር በማለዳው ሊለግም ይችላል። ለምን? ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋውን በር፣ የሚያንቀሳቅሱት ጥርሶች ላይ ያለው ቅባት በዕድሜ ጠጥሯል፤ ብርዱ ደግሞ ያብስበታል። ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል አልሮጥ ሲሉ የፎቶው አንድ ጎን ጥቁር ይሆናል።

ስለዚህ ጉዞ ሳትጀምሩ፣ ፊልም ሳታስገቡ ጀርባውን ክፈቱ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ በ1 ሰከንድ፣ በ1/30 እና በ1/500 ሞክሩት። በፈጣኑ ላይ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ካልታያችሁ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ሠርቶ ብርድ ላይ እምቢ ካለ ቅባቱን ጠርጥሩ። መጋረጃውን በጣት መንካት፣ ዘይት ማንጠባጠብ… በጭራሽ! ጠጋኝ ጋ ውሰዱት።

«ከዋጋው ጥገናው ይበልጣል» ትሉኝ ይሆናል። ይሁን! ግን ካሜራ ጠጋኙ ደንበኛ ካጣ ሙያውን ለማን ያስተምራል? እኛስ ነገ ለማን እንወስደዋለን?