«ድህነት የአስተሳሰብ ችግር ነው» ላሉት አሠልጣኝ

ሰሞኑን በአንድ ወረዳ አዳራሽ ለሥራ አጥ ወጣቶች በተዘጋጀ የሁለት ቀን የኢንተርፕረነርሺፕ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ማይክሮፎኑን እንደጨበጡ «ድህነት የገንዘብ እጦት አይደለም፤ የአስተሳሰብ ችግር ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ንዴቱ እስካሁን አልበረደልኝም።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አስፋልት ዳር ድንችና ሽንኩርት የምትቸረችር ናት። በሻይ ዕረፍት እንዳጫወተችኝ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ከቤቷ ትወጣለች። ከጅምላ ሻጩ ግማሹን በዱቤ ትወስዳለች፤ ቶሎ የሚበላሸውን ለይታ አስቀድማ ትሸጣለች፤ በየሳምንቱ ዕቁብ ትጥላለች። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራዋን ጠቅልላ ትሮጣለች፤ ካላመለጠች ዋናውም ትርፉም አብሮ ይወሰዳል። እንግዲህ «ሪስክ መውሰድ ልመዱ» የተባለችው ይህች ልጅ ናት። በየማለዳው ያላትን ሁሉ ሸራ ላይ ዘርግታ የምትውል ሰው ይህን ከማን ትማር? ከወር ደመወዝተኛ?

ሥልጠና ይቅር አላልኩም። ሒሳብ መያዝና ዋጋ መተመን ማወቅ፣ የግብሩን አሠራር መረዳት ይጠቅማል። የሚያናድደኝ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥፋቱን ሁሉ ከአበዳሪውና ከቦታ መዳቢው ትከሻ አንስቶ በድሃ ልጅ ጭንቅላት ላይ መጫኑ ነው። ሐሰትም ነው። በ2009 ዓ.ም. የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ሲቋቋም የጎደለው ገንዘብ መሆኑን መንግሥት ራሱ አምኗል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ቤትና መሬት የሌለው ሰው በተንቀሳቃሽ ንብረቱ ዋስትና እንዲበደር በር ከፍቷል። ለሸራ ነጋዴ ይህ በር በተግባር ምን ያህል ተከፍቶላታል? በየትኛው ቢሮ፣ በምን ወረቀት? ልጆቹ ሊሰሙት የሚገባው ይህን ነበር። አሠልጣኙ ግማሽ ቀን ሲናገሩ አንዱንም አዋጅ አላነሱም።

ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ፋብሪካ ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍለው አጥንተዋል። ለአንዱ ቡድን የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠናና ምክር ሰጡት፤ 300 ዶላር ያህልም በእጁ አስጨበጡት። በዓመቱ የዚህ ቡድን ገቢ ምንም ካልተሰጠው ቡድን በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ። አምስት ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ገንዘቡም ተጨምሮ ነው። ገንዘብ ያልጨመረ፣ ቦታ ያልሰጠ፣ አበዳሪ ያላገናኘ ሥልጠና ታዲያ በምን አቅሙ ነው ከድህነት የሚያወጣው? አንድ ወጣት በባዶ እጁ ተመልሶ ሳይሳካለት ሲቀር፣ ከዚያ አዳራሽ ይዞት የሚሄደው «አስተሳሰቤ ነው የከሸፈው» የሚል ጸጸት ብቻ ነው። ይህ ግፍ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እጇን አወጣች። «መሸጫ ቦታ እንዲሰጠን የት ነው የምናመለክተው?» አለች።

«እሱ ወረዳውን ነው የሚመለከተው» አሏት፤ ወደ ቀጣዩ ስላይድም አለፉ።

አዳራሹ የወረዳው ነው። ቦታ የሚመድቡት ኃላፊ ጠዋት መክፈቻ ንግግር አድርገው ወጥተዋል። ቀጣዩ ሥልጠና ሲዘጋጅ እሳቸውም የብድር ባለሙያውም እስከ ማታ ይቀመጡ፤ ወጣቱ ይጠይቃቸው። ልጅቷ ለዚያች አንዲት ጥያቄ መልስ ብላ ሁለት ቀን ገበያዋን ትታ ነበር የመጣችው።