በውሃ ምክንያት ስለሚመጣው የአጥንት ጉዳትና ስለ ጡረታ ሕግ

ሕግ የሚወጣው ለደካማ መጠጊያ እንዲሆን ነው፤ መጠጊያነቱም የሚታወቀው በአጻጻፉ ማማር ሳይሆን፥ ደካማው ከደጁ በቆመ ጊዜ በሩ በመከፈቱ ነው። በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አካላቸው የተጎዳ ሰዎች የመንግሥትን ድጋፍ ለማግኘት የሚያዩትን እንግልት ለሚመረምር ሰው፥ በተለይ ሊያስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሚጠጡት ውሃ ምክንያት አጥንታቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው።

በዚህ አገር ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚወጣው ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይቀላቀላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፥ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ የበለጠ ተገኝቷል። ሕፃን ሲጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፤ ጎልማሳ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣው ግን አንገቱና ጀርባው ይደርቃል፥ መገጣጠሚያው ይታሰራል፤ ሲጸናበትም ኅብለ ሰረሰሩ ተጨምቆ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ይህ ከደረሰ በኋላ ወደ ቀድሞ ጤና የሚመልስ መድኃኒት የለም።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በአዳማ አጠገብ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፥ ከሩቅ አገር የመጡት ሠራተኞች በእርሻው መንደሮች ሰፍረው ከዚያው ጉድጓድ ጠጡ። ሃያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ጀርባቸው የደረቀ፥ እግራቸው የሰነፈ ሠራተኞች ይታዩ ጀመር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ስምጥ ሸለቆ ፍሎሮሲስ ያደረጉትን ጥናት በ1979 ዓ.ም. አሳትመዋል። የአዳማ ከተማ ዛሬ ተጣርቶ የሚመጣ የአዋሽን ውሃ ትጠጣለች፤ ነገር ግን የውሃው መለወጥ አስቀድሞ የደረቀውን አጥንት አያለሰልስም።

እንግዲህ ይህ ሰው በየትኛው በር ይግባ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፥ ሠራተኛው ሊሠራበት ከተገደደበት አካባቢ የተነሣ የሚመጣን ሕመም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ይለዋል። ነገር ግን ወዲያው፥ በሽታውን ለመከላከል ከተመደቡት በቀር፥ በሥራው አካባቢ ነዋሪውን ሁሉ የሚይዝ በሽታ በዚህ ውስጥ እንደማይቆጠር ይደነግጋል። በአንዱ ቃል የተከፈተው በር በሁለተኛው ይዘጋል። የመኖሪያውን ቤትና የመጠጡን ውሃ ያቀረበው አሠሪው ራሱ ሲሆን፥ ሕመሙን የአገር በሽታ ብሎ ማለፍ ከሕጉ ዓላማ ጋር የሚስማማ አይደለም።

ሁለተኛው በር የጤና ጉድለት ጡረታ ነው። በ2014 ዓ.ም. በወጡት የጡረታ አዋጆች ቁጥር 1267 እና 1268 መሠረት፥ ይህን ጡረታ ለዘለቄታው ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎትና የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋል። ቋሚ ሠራተኛ ይህን ሊያሟላ ይችላል፤ አገዳ ለመቁረጥ በየወቅቱ የሚቀጠረው ግን ብዙ ዓመት ቢደክምም አገልግሎቱን በመዝገብ ለማሳየት ይቸገራል። ከአንድ ጉድጓድ የጠጡት ሚስትና ልጆችማ ጥንቱንም መዝገብ የላቸውም።

ለእነዚህ የቀረው በር የከተማ ሴፍቲኔት ነው፤ አዳማም ሥራው አስቀድሞ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት። የቀጥታ ድጋፉም መሥራት ለማይችሉ ድኾች የተመደበ ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው የቤቱ ድኽነት ስለ ሆነ፥ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሣ ሊባል አይችልም።

የመንግሥት ገንዘብ ውሱን ነው የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። በእርግጥም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ሲያዝ፥ አቅም በፈቀደ መጠን ይላል። ነገር ግን ጉዳተኞቹን መቁጠርና መዝገብን ማገናኘት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የየጉድጓዱ የፍሎራይድ መጠን በውሃ መሥሪያ ቤት፥ የሠራተኛው ስም በአሠሪው፥ የሕመሙ ታሪክ በሐኪም ቤት የሚገኝ ሲሆን፥ እነዚህን ወረቀቶች ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ እንዲሰበስብ የሚታዘዘው መራመድ የተሳነው ሰው መሆኑ የተገባ አይደለም። የሚሻለውስ መሥሪያ ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ቢጠያየቁ፥ የሕክምና ቦርዱም በተወሰነ ቀን ወደ ጉዳተኛው መንደር ቢወርድ፥ ሕግ አውጪውም በአሠሪው ውሃ ምክንያት የመጣውን ጉዳት ከአገር በሽታ ለይቶ ቢጽፍ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምታስበው መፃጉዕ 38 ዓመት የታመመው ከመጠመቂያው ርቆ አልነበረም፤ ከውሃው ዳር ተኝቶ ሳለ ወደ ውሃው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ ነው እንጂ። የስምጥ ሸለቆ ጉዳተኛም ከሕጉ ዳር አለ፤ ሹም በመዝገቡ፥ ካህን በምክሩና በምስክርነቱ ሰው ይሁኑለት።